መልስ፦ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረች የገጠር ልጃገረድ ውሎ

ውድ ጠያቂ፣ በ1918 ዓ.ም. ገደማ የ14 ዓመት ልጅ ቀኗን እንዴት ታሳልፍ እንደነበር ላነሡት ጥያቄ የሰሜኑን ደጋ ገጠር ይዤ እመልሳለሁ፤ ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነበር።

ከሁሉ በላይ ቀኗን የሚገዛው ወፍጮ ነበር። የሞተር ወፍጮ ገጠር ገና ስላልደረሰ የቤተሰቡ ጤፍና ገብስ በሙሉ በድንጋይ ላይ ይፈጭ ነበር፤ ልጅቱም ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፋ ይነጋል። የሴቶች ድካም ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምድጃው ነው፤ እኔ ግን ጉልበታቸውን ይበልጥ የጨረሰው ወፍጮው ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በእንስራ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ኩበት መጠፍጠፍ ይከተላል። ለማረፍ ስትቀመጥ እንኳ እንዝርት ከእጇ አይለይም፤ ሸማኔው የቤተሰቡን ልብስ የሚሠራው ሴቶች ከፈተሉት ጥጥ ነውና።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬን፣ የዋግ ልጃገረዶች ደግሞ ሻደይን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው ይጫወቱ ነበር። ይህ የራሳቸው ቀን ነበር።

ይሁንና ብዙዎቹ በ14 ዓመታቸው ቀድሞውኑ ተድረው ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩን የሚቆርጡት ወላጆች እንጂ እርሷ አልነበረችም። የቄስ ትምህርትም በአብዛኛው ለወንዶች ነበር፤ በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ነው።