ስላይድ ጊታር ለመጀመር ማንን ልስማ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አሁን ስላይድ (ጣት ላይ የሰኩትን ቱቦ ክሩ ላይ እያንሸራተቱ መጫወት) ልሞክር ነው፣ ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ እኔ ብሆን ከብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ነው የምጀምረው፣ ዓይነ ስውሩ የቴክሳስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1927 የቀዳው ቃል የሌለው እንጉርጉሮ በ1977 በቮዬጀር የጠፈር መንኮራኩር ተጭኖ ጠፈር ሄዷል፣ ጊታሩ ከድምፁ ጋር አብሮ ሲያለቅስ ማሲንቆ የምትሰማ ነው የሚመስልህ በቃ! ኤልሞር ጄምስ ደሞ የኤሌክትሪክ ጊታር ሰው ነው፣ ኃይለኛ። ዱዌን ኦልማን የመድኃኒት ብልቃጥ የቀለበት ጣቱ ላይ ሰክቶ ነበር የሚጫወተው፣ በ24 ዓመቱ በሞተር ሳይክል አደጋ መሞቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። የሱን መንገድ በዴሪክ ትራክስ ታገኘዋለህ፣ ያለ ፒክ (ክር መምቻ) በጣቱ ብቻ። ስትሞክር ክሩን አትጫነው፣ ልክ ከፍሬቱ (የጊታሩ አንገት ላይ ካለው ጋድም ብረት) በላይ በስላይዱ ንካው፣ ከስላይዱ ኋላ ባሉት ጣቶችህ ደሞ ትርፉን ድምፅ አፍነው።