ዋዋ ፔዳል ለምን እንደ ሰው ያወራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉልን፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው፣ ፈረንጅ አራዳ ካሉ ልጆች ጋር ሰርግና ሆቴል ጊታር እጫወታለሁ። በቅርቡ ያገለገለ ዋዋ ፔዳል (ያው በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚቀያይረው) ገዛሁና ግራ የገባኝ፣ የጊታሩን ቶን ሳዞር ድምፁ ይታፈናል ወይ ይከፈታል በቃ፣ ፔዳሉ ግን ቁጭ ሰው ነው፣ ሁለቱም ፊልተር (ድምፅ አጣሪ) ናቸው ይባላል ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? ደግሞ ድምፁን ከሚያሻክረው ከዲስቶርሽን ጋር ሳደርገው አንድ ቦታ ላይ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያወጣል፣ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም፣ አይዞህ። የጊታርህ ቶን ሥራው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ መቀነስ ብቻ ነው። ዋዋ ግን ሌላውን እየቀነሰ ከወፍራሙና ከቀጭኑ ድምፅ መሐል አንዷን ቦታ ለይቶ ያጎላታል፣ ሬዞናንስ የሚሉት ይሄንን ጉብታ ነው፣ ስትረግጠው ከ400 ሄርዝ (በሰከንድ 400 ጊዜ መርገብገብ ማለት ነው) አካባቢ ተነስቶ እስከ 2000 ምናምን ይወጣል። እስቲ በአንድ ኖታ "ኡ" በልና ቀስ እያልክ ወደ "ኣ" ክፈተው፣ ጉሮሮህ ያው ነው፣ የተቀየረው የአፍህ ቅርፅ ነው፣ እሱም የሚያጎላውን ድምፅ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጆሯችን "ኡ"ን ከ"ኣ" የሚለየው በነዚህ ጉብታዎች ስለሆነ ፔዳሉ ሲያንቀሳቅሳቸው የሚያወራ ይመስለናል።

ጉብታውን የሚፈጥሩት ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) እና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም) ናቸው፣ በተለመደው ሰርኪዩት 500 ሚሊሄንሪ ግድም ኮይልና 0.01 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ኃይል እየተቀባበሉ ይወዛወዛሉ፣ ብታሰላው 2250 ሄርዝ አካባቢ ይመጣል፣ ያ እግርህ ወደፊት ሲጫን ያለው ጫፍ ነው። ወደኋላ ስትመልሰው ደግሞ (እኔ በጣም የምወዳት ይቺን ነው) ካፓሲተሩ ሳይቀየር ሲግናሉን የሚያጎላው ትራንዚስተር ከመጠኑ በላይ ትልቅ ያስመስለዋል፣ ጉብታውም ይወርዳል። ዋዋ የመጣው በፈረንጆቹ 1966 ነው፣ የአሜሪካው ቶማስ ኦርጋን ኩባንያ ኢንጂነር ብራድ ፕላንኬት አምፕ ላይ ያለ የመሐል ድምፅ ማብሪያ ስዊች በሚዞር ቮሊዩም ሊተካ ሲሞክር።

ጩኸቱ ጉብታው በጣም ሹል ስለሆነ ነው። ዲስቶርሽን ድምፁን በቀጫጭን ድምፅ ይሞላዋል፣ ሹሉ ጉብታ ደግሞ እየዞረ አንዷን ብቻ መርጦ ጆሮህ ላይ ይተክላታል። መጀመሪያ ዋዋውን ከዲስቶርሽኑ በፊት አድርገውና ስማው፣ ብዙ ጊዜ ይለዝባል፣ የዲስቶርሽኑን ጌንም (ማጉሊያውን) ቀንስ። ካልሆነ ኮይሉ ላይ ትይዩ የታሰረች 33 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለች፣ በ22 ብትቀየር ጉብታው ይሰፋል ይለሰልሳል፣ ከፍ ብትል ይብሳል፣ ብየዳ የማያውቅ ሰው እጅ ግን አትስጠው። እየረገጥክ ኮሽ ኮሽ ካለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ፔዳሉ ውስጥ ያለው የሚዞር ቮሊዩም ቆሽሾ ነው፣ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ) ንፋበት።

መቼስ የሙላቱ አስታጥቄ ከተማ ሰው ዋዋ ለምን አስፈለገህ አልልህም። ግን ትዝታ ስትጫወት በየምቱ አትርገጠው፣ አንድ ቦታ ላይ አቁመውና ጊታሩን ብቻ ተጫወት፣ ያኔ የጉብታውን ቀለም በደንብ ትሰማዋለህ።