ደመወዝ በፈረንጅ፣ ኪራይ በሀበሻ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ እትዬ? አምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የማነበው። ከተጋባን አራት ወራችን ነው፤ እስካሁን እናቴ ቤት ነን። አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ በ11,000 ብር አግኝተናል። እኔ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ፣ 19,500 እጄ ላይ ይደርሳል። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ የእሱ 11,500 ነው። ወጪውን እንዲህ ጽፈነዋል፦ ኪራይ 11,000፣ አስቤዛ 9,000፣ እቁብ 5,000፣ ትራንስፖርት 3,500፣ ስልክና ኢንተርኔት 1,500፣ መብራትና ውሃ 400። 600 ብር ይተርፈናል። ይበቃናል ይላሉ? አከራዩ ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ። እናቴም የኤሌክትሪክ ምጣዷን ውሰጂ ትለኛለች፤ መብራት ይበላል ብዬ ፈርቻለሁ።
አዲሷ ተከራይ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ልጄ። በ22 ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ቤት ቀይሬያለሁ፣ ዛሬም ተከራይ ነኝ፤ ስለዚህ ደብዳቤሽን ያነበብኩት እንደ ራሴ ጉዳይ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩና ልማድ ሆኖብኝ ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ድምሩ ልክ ነው። ያልወደድኳት ያቺን 400 ብር ነው። የእናትሽ ቤት ቁጥር ናት አይደል?

አዲሱን ቤት ስታዪ አብዛኛው ሰው እንደሚያደርገው «ያለፈው ተከራይ መብራት ስንት ብር ይከፍል ነበር?» ብለሽ አትጠይቂ። ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥርበት እንደነበር ጠይቂ። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተደርጎ ስለወጣ፣ የአምናው ብር ዛሬ ምንም አይነግርሽም። ኪሎዋት ሰዓቱ ግን አምናም ዘንድሮም ያው ነው። ሌላም አለ። ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል፤ ርካሹ እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ያለው ነው። ቆጣሪው ለብቻሽ ከሆነ ይህን ራስሽ ትቆጣጠሪዋለሽ። ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ግን የሁለት ቤት ፍጆታ በአንድ ላይ ተደምሮ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል፣ አንቺ በሻማ ብታመሺም ትከፍያለሽ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት አባወራ ሆነን በአንድ ቆጣሪ ኖረናል፤ ሂሳቡ በአምፖል ቁጥር ነበር የሚካፈለው። ሁለት ሁለት አምፖል የነበረን እኔና ማታ ማታ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቤቷን የምታሞቀው ጎረቤቴ እኩል እንከፍል ነበር። እግዜር ይይላት፣ ቤቷ ግን ይሞቅ ነበር።

የገባችሁ ዕለት፣ ዕቃው ሳይራገፍ፣ የመብራቱንም የውሃውንም ቆጣሪ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ቁጥሩን ውሉ ላይ አስጽፊ። ይህን ያስተማረኝ የ2004 ዓመተ ምህረቱ ቤቴ ነው። ኮልፌ አካባቢ ገብቼ በሁለተኛው ወር የስምንት ወር የውሃ ውዝፍ መጣብኝ። አከራዬን ብጠይቅ «አንቺ ነሽ ያለሽበት» አለኝ። በዚያ ላይ ሽንት ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ውሃ ያፈስ ነበር። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተሽ የውሃ ቆጣሪውን አንብቢ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድገሚው። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ ጥገናው የአከራዩ መሆኑን ያን ጊዜውኑ ተነጋገሩ።

አራተኛ ፎቅ ነው ያልሽው? ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ እላይ ድረስ ይደርስ እንደሆነ አከራዩን አትጠይቂ፤ እዚያው ብሎክ የሚኖረውን ሰው ደረጃው ላይ አቁመሽ ጠይቂ። የማይደርስ ከሆነ ጀሪካን ለሚያወጣልሽ ልጅ የምትከፍዪው ከውሃው ሂሳብ ይበልጣል። የጥበቃውን፣ የፅዳቱንና የደረጃውን መብራት መዋጮም ከብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አጣሪ፤ ባለቤቱ የቀረባቸው ውዝፍ ካለ ጭምር፣ ምክንያቱም በሩ የሚንኳኳው ያንቺ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወረቀትሽ ላይ ቀን የለም። የግል ድርጅት ነው ካልሽ ደመወዝሽ በፈረንጅ ወር መጨረሻ ይገባ ይሆናል፤ ያ ማለት በእኛ እንደ ወሩ ከ19 እስከ 25 ባለው ነው። ባለቤትሽ የሚከፈለው በሀበሻ ወር መጨረሻ ነው። አከራዩ ደግሞ ኪራዩን ወር በገባ በ1 ይጠብቃሉ። ስለዚህ 11,000ው ብር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ያህል እጅሽ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔ ያንን ጊዜ ብሩን ሳልነካው ያሳለፍኩበትን ወር አላስታውስም። አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ የታመመ ሰው፣ አንዴ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚያምር ጫማ። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት «የኪራይ ቀናችን በየወሩ 26 ይሁንልን» በያቸው። አብዛኛው አከራይ ቀኑ ከተከበረለት ቀኑ የትኛው መሆኑ አያስጨንቀውም። ያንቺ ደመወዝ ቤቱን፣ ትራንስፖርቱንና ሂሳቦቹን ይሸፍን፤ የባለቤትሽ ማዕድ ቤቱን ይያዝ።

ጳጉሜንም አትርሺ። ኪራይ የማይቆጠርባት መሆኑን ውሉ ላይ በግልጽ አስጽፊ፤ እኔ የአምስት ቀን ተጠይቄ አውቃለሁ። ኪራይ ባይኖርባትም አስቤዛው ግን 35 ቀን መድረስ አለበት፣ ወዲያውም እንቁጣጣሽ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብታስቀምጡ ዶሮዋን በብድር አትገዟትም።

የስድስት ወሩ ቅድሚያ 66,000 ብር ነው፤ የሁለታችሁ የሁለት ወር ደመወዝ እንኳ አይሞላውም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ማውለብለብ አያስፈልግም። «22,000ውን ዛሬ፣ ቀሪውን በየወሩ በባንክ» ብለሽ ጀምሪ። «ውሉ ላይ 5,000 ብለን እንጻፈው» ካሉሽ ግን ተነሺና ሂጂ፤ ነገ ስትከራከሪ 11,000 መክፈልሽን የሚያሳይ ወረቀት አይኖርሽም።

የመጀመሪያው ወር ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ደላላው፣ የአይሱዙው ኪራይ፣ መጋረጃው፣ የበሩ ቁልፍ ቅያሪ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠፈሩ ያሉት ጫኝና አውራጆች። ዕቃው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ዋጋ መነጋገር ማለት እነሱ ያሉትን መክፈል ነው፤ ባለቤትሽ ከአንድ ቀን በፊት ሄዶ ይስማማ። ለዚህ ሁሉ ከወር ገቢያችሁ ውጪ የተቀመጠ ብር ከሌላችሁ፣ እናትሽ ቤት ሁለት ወር ብትጨምሩ አላፍርባችሁም።

እቁቡን 2,000 አድርጊው። የተረፈችሁ 600 እና ከእቁቡ የተመለሰው 3,000 ሲደመር 3,600 ይሆናል። ከዚህ 1,200ው ለመብራት፣ ለውሃና ለብሎኩ መዋጮ ይጨመር፤ 2,400ው ለለቅሶ፣ ለመድኃኒትና ለከሰል ይቀመጥ። ከሦስት ወር በኋላ እውነተኛውን ቁጥር ስለምታውቂው እንደገና ጻፊው።

ምጣዱን ውሰጂው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግሪ በወር 20 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ብዙ የሚባክነው ምጣዱ ሲግል ስለሆነ አንዴ ካሞቅሽው የሳምንቱን በአንድ ላይ ጋግሪ። ግን ከመውሰድሽ በፊት ማዕድ ቤቱ ውስጥ ምጣድ የሚችል መስመር መኖሩን ኤሌክትሪሻን ይይልሽ፤ በማከፋፈያ ገመድ እንዳትሰኪው። መስመሩ ከሌለ ማስገቢያው በማን ወጪ እንደሆነ ከአከራዩ ጋር ቁልፍ ሳትቀበዪ ጨርሱ።