ሥራ ልቀይር? ቤት ልቀይር? የባለቤቴ ፕሮሰስ ገና አላለቀም

ጋሽ ታክስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። ባል ወይም ሚስት ወደ አሜሪካ ለማምጣት ፋይል አስገብታችሁ መሀል ላይ ሥራ ወይም ቤት መቀየር የመጣባችሁ፣ ጠይቁ። እኔ ታክስ ነው የምሠራው፣ ጠበቃ አይደለሁም። ወንጀል ወይም ዲፖርቴሽን ያለበት ኬዝ ጠበቃ ጋ ይሂድ። ስትጠይቁ ሁለት ነገር ንገሩኝ። ሲቲዝን ናችሁ ወይስ ግሪን ካርድ? ፋይሉስ የት ነው፣ ዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ)፣ ኤንቪሲ (ከኤምባሲ በፊት ወረቀት የሚሰበስበው የቪዛ ማዕከል) ወይስ ኤምባሲ? ይህን ሳትነግሩኝ እንድመልስ ጠንቋይ አይደለሁም።

የመጋዘኑ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሲቲዝን ነኝ። ሚስቴን ለማምጣት ያስገባሁት አይ-130 ማመልከቻ ገና ዩኤስሲአይኤስ ነው። የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ። ብቀይር ፕሮሰሱን ያበላሽብኛል?

ጋሽ ታክስ፦ አያበላሽም፣ ቀይር። አይ-130 ላይ የሚመረመረው ሲቲዝን መሆንህና ትዳሩ የእውነት መሆኑ ነው። የአምስት ዓመት የሥራ ታሪክ ሞልተሃል። በፈረምክበት ቀን እውነት ከነበረ በቂ ነው። ገቢህ የሚታየው ኋላ፣ ኤንቪሲ ሲደርስ፣ ሚስቴን እደግፋለሁ ብለህ በምትፈርመው አይ-864 ላይ ነው። እዚያም የሚፈለገው ያኔ ያለህ ገቢ ነው። አዲሱ ቀጣሪህ ደብዳቤ ይጻፍልህ። የጀመርክበት ቀን፣ የሥራ መደብህና ደሞዝህ ይግባበት። ፔይስታብህንም (የደሞዝ ወረቀትህን) አትጣል። አይ-864 ካስገባህ በኋላ ከሆነ የቀየርከው፣ ሚስትህ አዲሱን ደብዳቤና ፔይስታብ ለኢንተርቪው ይዛ ትግባ።

የመጋዘኑ ልጅ፦ በመሀል ሁለት ወር ሥራ ባይኖረኝስ?

ጋሽ ታክስ፦ ዋናው የኢንተርቪው ሰሞን ሥራ መኖሩ ነው። ከሌለ ሌላ ስፖንሰር አዘጋጅ።

አዲስ ሙሽራ፦ እኔ ግሪን ካርድ ነኝ። የባሌ ፋይል ኤንቪሲ ነው። በሚቀጥለው ወር ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ልገባ ነው። ፖስታ ቤት አድራሻ ቀይሬያለሁ። ይበቃል አይደል?

ጋሽ ታክስ፦ አይበቃም እህቴ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ። አድራሻ ለየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻ ነው የሚነገረው! ፖስታ ቤት ለዩኤስሲአይኤስ አይነግርልሽም። ለዩኤስሲአይኤስ ነገርኩ ብለሽም ኤንቪሲ አውቋል ማለት አይደለም። ግሪን ካርድ ስለሆንሽ ከተዛወርሽ በ10 ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ የማሳወቅ ግዴታ አለብሽ። ኤአር-11 የሚሉት እሱ ነው፣ ኦንላይን ያልቃል። ፋይልሽ ኤንቪሲ ስለሆነ ደግሞ በድረ ገጻቸው ባለው የጥያቄ ፎርም ኬዝ ቁጥርሽን ጽፈሽ አዲሱን አድራሻ ላኪ። ኢሜይል ከቀየርሽ እሱን ከሁሉ በፊት ንገሪያቸው። ኤንቪሲ የሚጽፍልሽ በኢሜይል ነው። ኬዙ ለቪዛ ደርሶ ተጠርተሽ ዓመት ሙሉ ዝም ካልሽ፣ ሊዘጋብሽ ይችላል።

ተስፈኛ፦ ሥራ ብቀይር ችግር አለው?

ጋሽ ታክስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ሲቲዝን ነኝ፣ ፋይሉ ኤንቪሲ ገብቷል። የሆቴል ሥራዬን ትቼ ሙሉ ጊዜ ኡበር ልነዳ ነው። ከደሞዜ የተሻለ ይገኝበታል። ምን ትላለህ?

ጋሽ ታክስ፦ እሰይ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እንደኔ ከሆነ አይ-864 እስኪያልፍ ሆቴሉን አትልቀቅ። ለምን መሰለህ? ደሞዝተኛ ስትሆን የሚቆጠርልህ ታክስ ሳይቆረጥ ያለው ሙሉ ደሞዝህ ነው። የራስህ ሥራ ሲሆን ግን አፑ ላይ ያየኸው ገንዘብ አይቆጠርልህም። ስኬጁል ሲ ላይ (የግል ሥራ የታክስ ፎርሙ ነው) ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነው ገቢህ።

በቁጥር እንየው። በዓመት 58 ሺህ ዶላር ገባልህ እንበል። ማይሉን፣ ስልኩን፣ የአፑን ኮሚሽን ስትቀንስ 36 ሺህ ወጣ። የቀረህ 22 ሺህ ነው። በ2025 መመሪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ ይፈለግ የነበረው 26,437 ዶላር ነው (አላስካና ሃዋይ ከዚህ ከፍ ይላል)። ይህ የድህነት ወለሉ 125 በመቶ ነው፣ በየዓመቱም ይለወጣል። እንግዲህ 4,437 ጎደለህ። ሌት ተቀን እየነዳህ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሚስት ማምጣት የማትችል ሰው ሆንክ።

የኛ ሰው ታክስ ሲደርስ «ጋሼ ቀንስልኝ፣ ቀንስልኝ» ይላል። ዜሮ ሲሆንለት ይመርቀኛል። በዓመቱ ተመልሶ «ገቢህ አነስተኛ ነው አሉኝ» ብሎ ያለቅስብኛል። ማን አሳነሰው? እውነተኛ ወጪን መቀነስ መብትህ ነው። ግን ፋይል ያለህ ሰው ታክሱን ከመሙላትህ በፊት ለሚሠራልህ ሰው ንገረው። እና እባካችሁ፣ ያልነበረ ገቢ ጨምረህ ታክሴን አስተካክልልኝ የምትሉኝ፣ አልሠራም። ውሸት ካስገባችሁ ከቪዛውም ከታክሱም ትጣላላችሁ።

ከጎደለህ ሦስት መንገድ አለህ። አንዱ ንብረት ነው። ሲቲዝን ለሚስቱ የጎደለውን ሦስት እጥፍ ካሳየ ይበቃል። ያንተ 13,311 ዶላር ይሆናል። ግሪን ካርድ ብትሆን ግን አምስት እጥፍ፣ 22,185 ነበር። የሚስትህም ቁጠባ ይቆጠራል። ሌላው አብሮህ የሚኖር ወንድም ወይም እህት በአይ-864ኤ ፎርም ገቢውን ይደምርልሃል። ግን እሱም በቤተሰብ ቁጥር ስለሚገባ ወለሉ የሦስት ሰው ይሆናል፣ በዚያው መመሪያ 33,312። ሦስተኛው ኮስፖንሰር፣ ማለትም ተጨማሪ ስፖንሰር ነው። እሱ ለራሱ ቤተሰብና ለሚስትህ የሚበቃ ገቢ ብቻውን ሊኖረው ይገባል፣ ካንተ ጋር አይደመርም። አንተም የራስህን አይ-864 ትፈርማለህ፣ አይቀርልህም።

የቺካጎው፦ ኮስፖንሰር ዘመድ መሆን አለበት። የኔን ወንድሜ ነው የፈረመው።

ቡና በወተት፦ የግድ አይደለም። ለኛ የሥራ ባልደረባችን ነው የፈረመችው፣ አልፏል።

የቺካጎው፦ ሰው ሆይ፣ ለባዳ አትፈርሙ! አንድ ጓደኛዬ ፈርሞ፣ ልጅቷ በመጣች በዓመቷ ጥላው ሄደች።

ቡና በወተት፦ ወንዶቹስ አይሄዱም? ሁልጊዜ ሴቷ ናት ጥፋተኛ?

የቺካጎው፦ እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ቡና በወተት፦ ያላየኸውንም ጨምርበት እንጂ።

ጋሽ ታክስ፦ በቃ፣ በቃ! ለሽምግልና አልተቀመጥኩም። ኮስፖንሰር ዘመድ መሆን የለበትም። 18 ዓመት የሞላው፣ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ አሜሪካ የሚኖር ሰው ይበቃል። ግን የቺካጎው ፍርሃት መሠረት አለው። ፊርማው በፍቺ አይቀርም። የሚያበቃው የመጣው ሰው ሲቲዝን ሲሆን፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመት (10 ዓመት ገደማ) ሲቆጠርለት፣ ግሪን ካርዱን ትቶ ከአገር ሲወጣ ወይም ከሁለት አንዱ ሲሞት ነው። የምትለምኑትን ሰው ይህን ነግራችሁ ለምኑ።

ተስፈኛ፦ ጋሼ፣ የኔን አልመለስክም። ሥራ ልቀይር ነው።

ጋሽ ታክስ፦ ሲቲዝን ነህ ወይስ ግሪን ካርድ? ፋይሉ የት ነው? ምን ዓይነት ሥራ? እሱን ጻፍና ተመለስ።

ናፋቂው፦ ሲቲዝን ነኝ። መለያየቱ ስለከበደኝ አፓርታማዬን መልሼ፣ ሥራ ለቅቄ፣ ቪዛው እስኪወጣ ከሚስቴ ጋር አገር ቤት ልቀመጥ አስቤያለሁ። ኮስፖንሰር አለኝ።

ጋሽ ታክስ፦ ናፍቆትህ ይገባኛል። ግን ኮስፖንሰር የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። ስፖንሰር መኖሪያው አሜሪካ መሆን አለበት። ቤትህን ዘግተህ፣ ሥራ ለቅቀህ ከሄድክ ቆንስሉ «አንተ የት ነው የምትኖረው?» ይልሃል። ለጊዜው መሄድ ይቻላል፣ ግን ገመዱን አትበጥስ። የባንክ ሂሳብህ፣ መንጃ ፈቃድህና አድራሻህ እዚህ ይቆዩ፣ ታክስህንም ሙላ። ኢንተርቪው ሲቃረብ መመለስህን የሚያሳይ ነገር ያዝ፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ወይም የቤት ኪራይ ውል። ቢዘገይ ቢዘገይ ከሚስትህ ጋር አብረህ መግባት አለብህ። ከሷ በኋላ እመጣለሁ ማለት አይሠራም። ብትችል ግን ለእረፍት ደርሰህ ተመለስ፣ የአውሮፕላን ትኬቱም ጥሩ የትዳር ማስረጃ ነው።

የልጆች አባት፦ ስንት ወር ይፈጃል?

ጋሽ ታክስ፦ ቀን አልናገርም። ቀጥሎ።

ማህሌታይ፦ ሲቲዝን ነኝ። ባለቤቴ ዱባይ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። የቪዛ ማመልከቻውን፣ ዲኤስ-260ን፣ ሞልተን ልከናል። ይቅርበት?

ጋሽ ታክስ፦ ይሂድ፣ እንጀራ ነው። ግን ወረቀት ይጨምራል። ከኢትዮጵያው የፖሊስ ማስረጃ ሌላ፣ አሁን ያለበት አገር ከስድስት ወር በላይ ከቆየ የዚያንም ይጠየቃል። ድሮ 12 ወርና ከዚያ በላይ የኖረበት ሌላ አገር ካለ የሱም ያስፈልጋል። ቤይሩት፣ ጅዳ የሠራችሁ ሁሉ ይህን ስሙ። ከአገሩ ሳይወጣ ማውጣት ይቀላል፣ ከወጡ በኋላ ራስ ምታት ነው። ዲኤስ-260 ከተላከ ይቆለፋል። ኤንቪሲ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ፣ ወይም ለውጡን በኢንተርቪው ቀን ይናገር። መደበቅ ግን በፍጹም። አድራሻውን ደግሞ... ታውቂዋለሽ።

ማህሌታይ፦ ለየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻ!

ጋሽ ታክስ፦ ተባረኪ።

ዘንድሮ ሲቲዝን፦ ለሚስቴና ለልጇ በግሪን ካርድ አስገብቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። አድራሻም ቀይሬያለሁ።

ጋሽ ታክስ፦ እንኳን ደስ ያለህ። የዜግነት ሰርተፍኬትህን ኮፒ ለኤንቪሲ ላክ፣ ሚስትህ ከወረፋው ትወጣለች። ልጁ ግን በሷ ፋይል ተንጠልጥሎ መምጣቱ ይቀራል። ለሱ የራሱን አይ-130 አስገባ። እንጀራ ልጅ የሚሆንልህ ስትጋቡ 18 ዓመት ካልሞላው ነው። ይህን ሳያውቁ እናት መጥታ ልጅ የቀረባቸው ሰዎች አሉ። ነገ ዛሬ አትበል።

ሻንጣ ዝግጁ፦ የሚስቴ ቪዛ ወጥቷል። ልትመጣ ነው፣ እኔ ደግሞ ከመጣች በኋላ ቤት ልቀይር ነው።

ጋሽ ታክስ፦ 235 ዶላሩን የዩኤስሲአይኤስ ክፍያ ከመብረሯ በፊት ክፈሉ። ኤርፖርት ስትገባ ግሪን ካርዱ የሚላክበትን አድራሻ ታረጋግጥ። ቤቱን ልትለቅ ከሆነ የማይለቅ ዘመድ አድራሻ ስጡ። ከተዛወራችሁ በኋላ እሷ በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 ትሙላ። አንተም ስፖንሰር ስለሆንክ በ30 ቀን ውስጥ የስፖንሰር አድራሻ ማሳወቂያውን፣ አይ-865ን፣ ትልካለህ። ሲቲዝን ነኝ ብለህ አትለፈው፣ ቅጣቱ ከ250 ዶላር ይጀምራል። ሁለቱም ፎርሞች ክፍያ የላቸውም፣ ሞልቼ ልስጥህ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ እለፈው።