መልስ፦ የድሮ ሰው ይሻል ነበር ወይ?

የሰው ልጅ በሥነ ምግባር ተሻሽሏል፤ ግን በሁሉም ነገር አይደለም፣ የተሻሻለውም ተመልሶ ሊበላሽ ይችላል። አያትህ «የድሮ ሰው ደግ ነበር» ስላሉህ ግራ ከገባህ፣ «ደግነቱ ለማን ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው።

ለምሳሌ በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ የፌዴራሉ የ1992 የቤተሰብ ሕግ ነው 18 ያደረገው (እኛ ጎጃም እኮ ከ15ም በታች ስንቷ ተድራለች!)።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ሕጉ ተለወጠ ማለት ሰው ተለወጠ ማለት አይደለም። እኔ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ሁለቱን አምታትቼ ስከራከር፣ አንድ ሽማግሌ «ደም መመለስስ ቀረ?» ብለው ዝም አሰኙኝ። በሽምግልና የሚበርድ አለ፣ ዛሬም በጥይት የሚመለስ አለ።