ካሮት ከማስተከላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ በግብርና ባለሙያነት ገጠር ለምትመደቡት ነው የምጽፈው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ አንዲት የጃፓን ተራራማ ወረዳ ልንገራችሁ።

ካሚካትሱ ትባላለች። ሺኮኩ ደሴት ላይ፣ ቶኩሺማ በሚባለው ግዛት ውስጥ ናት። መሬቷ ደንና ተዳፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከ6,000 በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። አሁን የቀረው 1,400 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩም 65 ዓመት አልፎታል።

በ1981 ከባድ ውርጭ መጣና የመንደሪን ዛፎቻቸውን ፈጀው። ኑሯቸው በዚያ ላይ ነበር። የግብርና ማኅበሩ አማካሪ ቶሞጂ ዮኮይሺ ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦሳካ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጦ፣ ሴቶች ሳህን ላይ የተደረገች የሜፕል ቅጠል (ሜፕል በመከር ቅጠሉ የሚቀላ ዛፍ ነው) ሲያደንቁ አየ። ጃፓኖች ምግባቸውን በየወቅቱ ቅጠልና አበባ ያስውባሉ። እንዲህ ያለው ቅጠል ደግሞ ካሚካትሱ ውስጥ በየደጁ ሞልቷል።

ቅጠሉን ለምግብ ቤቶች እንሽጥ ብሎ ለገበሬዎቹ ሲነግራቸው ሳቁበት። በ1986 ሲጀመር የገቡት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የላኩት ቅጠልም ገዢ አጣ። እሱ ግን ገበሬዎቹን አልወቀሰም። ከገዛ ደመወዙ እየከፈለ ውድ ምግብ ቤቶች ገባ፣ አብሳዮቹን ጠየቀ። ለካ ቅጠሉ ከሳህኑ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ወቅቱንም ቀደም ማለት አለበት።

እኔ ይህን አላደረግኩም። ወጣት ሳለሁ አንድ ቀበሌ ሙሉ ካሮት አስተከልኩ። ምርቱ ማማሩን ብታዩ! ማን እንደሚገዛው ግን አልጠየቅኩም። ካሮቱ በየጓሮው በሰበሰ። አንዲት እናት «ልጄ፣ እንግዲህ ምን ላድርገው?» አሉኝ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ቅጠል ሸክሙ ቀላል ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ያነሱታል። ትዕዛዙ መጀመሪያ በፋክስ ይመጣ ነበር፣ ኋላ በኮምፒውተር፣ አሁን በታብሌት። ቀድሞ የተቀበለ ይወስዳል። የትኛው ዛፍ በየትኛው ተዳፋት መቼ እንደሚቀላ ከእነዚያ እናቶች በላይ የሚያውቅ የለም። ከ300 በላይ ዓይነት ይሸጣሉ። የሕዝቡ ቁጥር መቀነሱ አልቆመም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ግን አዛውንቶቹ ሥራ አላቸው፣ በራሳቸው እጅ የሚገባ ገንዘብም አላቸው።

እናንተም እንደደረሳችሁ ምርጥ ዘር ከማከፋፈላችሁ በፊት ገበያ ውረዱ። ደብተር ያዙ። ማን ምን ይገዛል? ምን ቶሎ ያልቃል? ምን ሳይሸጥ ወደ ቤት ይመለሳል? ከዚያ እናቶቹን ቡና ላይ ጠይቋቸው።