መልስ፦ ናኖ ቅንጣቶች ጨረርን ያጠናክራሉ ወይ?

«የወርቅ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ብናኝ) የካንሰር ዕጢ ውስጥ ገብቶ የጨረር ሕክምናን ያጠናክራል የሚባለው እውነት ነው?» ላልከው፣ አዎ፣ ወሬ ብቻ አይደለም። የወርቅ አቶሚክ ቁጥር 79 ነው። እንዲህ ያለ ከባድ አቶም ኤክስሬይን ከሥጋችን ይበልጥ ይውጣል፤ ከዚያ እዚያው አጠገቡ የዕጢውን ሕዋሳት የሚጎዱ ኤሌክትሮኖች ይረጫል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ (የማንጋኒዝና የኦክስጅን ውሁድ) የተሠራችው ቅንጣት ናት። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 7.4 ገደማ ነው። ዕጢው አካባቢ ግን አሲዳማ ይሆናል፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ይበዛበታል። ቅንጣቷ እዚያ ስትደርስ ትሟሟለች፤ ኦክስጅን ይወጣል። ኦክስጅን ያጠረው ዕጢ ደግሞ ለጨረር እልኸኛ ነው። የተለቀቀው ማንጋኒዝ በኤምአርአይ ምስል ላይ ቦታውን ያደምቀዋል። ባንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ!

ይሄኛው ግን በአብዛኛው ገና አይጥ ላይ ነው፣ አትቸኩል። ሰው ጋ ከደረሱት አንዱ ሃፍኒየም ኦክሳይድ (ሃፍኒየም ከተባለ ከባድ ብረት የሚሠራ ቅንጣት) ነው። በቀጥታ ዕጢው ውስጥ በመርፌ ይሰጣል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ለአንዳንድ የሳርኮማ (እንደ ጡንቻና ስብ ባሉ ክፍሎች የሚነሣ ካንሰር) ሕመምተኞች ተፈቅዷል።